የጋሽ ራህመቶ ተሳቢ

ማክሰኞ ጠዋት አንድ ሰዓት ካለፈ በኋላ ቀመሪያ ራህመቶ ለዘበኛው ቁርስ ይዛ የሟች አባቷን ጋራዥ በር ስትገፋ በሩ አልተቆለፈም ነበር። ገባ እንዳለች ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ አየች። ከኒሙ ዛፍ ሥር ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆሞ የኖረው የብረት ተሳቢ የለም። እሱ በነበረበት ቦታ ላይ ዘበኛው ጋሽ ኑሬ በጎናቸው ተጋድመዋል። ግንባራቸው ተፈንክቶ ደሙ ደርቋል፤ ቀኝ ክንዳቸው ከክርናቸው በታች ተሰብሯል።

ጋራዡ አዳማ ውስጥ ከድሮው ባቡር ጣቢያ ጀርባ ነው። ኢንስፔክተር ፎዚያ ዲዳ ስትደርስ ሽማግሌው ሆስፒታል ተወስደው ነበር። ሳጅን ሙስዓብ በሩ ላይ ቆሞ የተሰበሰበውን ሰው ይመልሳል።

ፎዚያ ልጅነቷን ያሳለፈችው በከባድ መኪና ጋቢና ውስጥ ነው። አባቷ ዲዳ ከአርሲ እህል እየጫነ አዳማ የሚያራግፍ ሹፌር ነበር፤ ትምህርት ቤት ሲዘጋ እሷን አጠገቡ አስቀምጦ ይዞራል። ጎማን በዱካው፣ ሞተርን በድምፁ መለየት ያስተማራት እሱ ነው። በጣቢያው የመኪና ነገር ያለበት መዝገብ ሁሉ እሷ ጠረጴዛ ላይ የሚያርፈው በዚህ ምክንያት ነው።

መሬቱ ላይ ጎንበስ አለች። ተሳቢው የወጣበት ዱካ ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ ግን የግራውና የቀኙ አይመሳሰሉም። ግራው ሰፊና ጥርሱ ጥልቅ ነው። ቀኙ ጠባብ ነው፤ ጥርሱም ያለቀ ነው።

ቀመሪያ ልክ እንደዚያ እንደነበር ነገረቻት። ተሳቢውን የሠሩት ወታደሮች ናቸው፤ የምሥራቁ ጦርነት ካለቀ በኋላ ሜዳ ላይ ተቃጥለውና ተገልብጠው ከቀሩት የጦር መኪኖች እየቆረጡና እየበየዱ። አባቷ ከሠሪዎቹ አንዱ ነው። ግድግዳውም ጣሪያውም ብረት ነው፤ ሁለት ትንንሽ መስኮቶችና ከኋላ አንድ በር አለው። እሷ የምታውቀው የአባቷ ዕቃ ማስቀመጫ ሆኖ ነው።

«አባቴ ጎማዎቹን እያሳየ ግራው የእኛ ነው፣ ቀኙ የእነሱ ይል ነበር» አለች። «ምን ማለቱ እንደሆነ ጠይቄው አላውቅም። ስለ ወታደርነቱ ማውራት አይወድም ነበር።»

አባቷ ራህመቶ የሞተው አምና ነው። ቀመሪያ ግቢው ላይ ሌላ ሱቅ ልትሠራ አስባ ተሳቢውን ዛኪር ለሚባል የውዳቂ ብረት ነጋዴ ሸጣዋለች። ሐሙስ መጥቶ በኦክስጅን እየቆረጠ ሊወስደው ነበር።

ፎዚያ ጎማዎቹ የቆሙበትን ቦታ በጣቷ ነካችው። አዲስ ግራሶ ነው። ከኒሙ ሥር ደግሞ የመኪና ማንሻ ክሪክና ግራሶ የተጠረገበት ጨርቅ ወድቀዋል።

«ይሄን ያህል ዘመን የቆመ ተሳቢ በአንድ ጠዋት አይንቀሳቀስም» አለችው ሙስዓብን። «የጎማው መሽከርከሪያ ኩሽኔታ ዝጓል፣ ጎማው ተኝቷል። አንድ ሰው ሁለት ሦስት ቀን እዚህ ቁጭ ብሎ ሠርቶበታል።»

«ዘበኛው እያየ?»

«እሱን ነው የምንጠይቀው።»

ቀመሪያ ሌላም ነገር ነገረቻቸው። ከጥቂት ዓመት በፊት ተሳቢውን ወደ ጥግ ለማስጠጋት ሁለት መኪና ቢያመጡ ሁለቱም ሊጎትቱት አልቻሉም። ከመጎተቻው ጫፍ ያለው የብረት ቀለበት ወፍራምና ሰፊ ስለሆነ የየትኛውም መኪና መንጠቆ አይገባበትም። አባቷም ተዉት ብሎ ቀረ።

ጠላት እንዳላት ሲጠይቋት መጀመሪያ የለኝም አለች። ቆይታ ግን የወንድሟን ስም ጠራች። ኡበይደላ በአባት ወንድሟ ነው፤ አርሲ ነገሌ እህል ይነግዳል። ተሳቢው አይሸጥም ብሎ ሰኞ ዕለት መጥቶ ተጣልተዋል። ተሳቢውን የጠየቀ ሌላ ሰው ካለ ስትባል ደግሞ አንድ ከገጠር የመጡ ሽማግሌ ትዝ አሏት። ሁለት ጊዜ ሱቋ ድረስ መጥተዋል። ሥራ በዝቶባት ስለነበር ተሽጧል ብላ መለሰቻቸው እንጂ ምን እንደፈለጉ አልሰማቻቸውም።

ሆስፒታል ጋሽ ኑሬ ክንዳቸው በጄሶ ታስሮ፣ ግንባራቸው ሰባት ቦታ ተሰፍቶ አገኟቸው። ዕድሜያቸው ሰባ ይጠጋል። የንጋቱን ሱብሂ ሰግደው ሲወጡ አንድ ሰው ከኋላ እንደመታቸው፣ ማን እንደሆነም እንዳላዩ ተናገሩ። ስለ ተሳቢው ሲጠየቁ ከየት እንደመጣ እንደማያውቁ፣ እዚያ ዘበኛ ሆነው ከተቀጠሩ ሰባት ዓመት ብቻ እንደሆናቸው አስረዱ።

ፎዚያ ቁስሉ ከፊት እንጂ ከኋላ እንዳልሆነ አይታለች። ማስታወሻዋ ላይ ጻፈችው። ልትወጣ ስትነሳ ሽማግሌው ጠሯት።

«ልጄ፣ ዛሬ መንገድ ላይ አደጋ ደርሷል ሲባል ሰምተሻል?»

«በየት በኩል?»

«እንዲያው ነው» አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ዛኪርን ለማጣራት ግማሽ ሰዓት በቃ። ተሳቢ ሊያነሳ የሚችለው ክሬኑ ማርሽ ሳጥኑ ወርዶ ጋራዥ ከገባ ሳምንት አልፎታል፤ መካኒኮቹም መሰከሩ። ዛኪር ራሱ በመጠርጠሩ ከመናደድ ይልቅ ተገርሞ ነበር። ሐሙስ በሕጋዊ መንገድ የእኔ የሚሆነውን ነገር ማክሰኞ ለምን እሰርቃለሁ አለ። ፎዚያ ስሙን ከዝርዝሯ ሰረዘችው።

ረቡዕ ጠዋት ከሙስዓብ ጋር ወደ አርሲ ነገሌ ወረዱ። ፎዚያ መስኮቱን ከፍታ ውጭ ውጭውን ታያለች። ያ መንገድ የአባቷ መንገድ ነው። መቂ ሲደርሱ ሽንኩርት፣ ዝዋይ ሲደርሱ ዓሣ ይገዛላት ነበር፤ ከተማው ባቱ ከተባለ በኋላም እሱ እስኪሞት ዝዋይ እንዳለው ቀረ። ያኔ ከግራርና ከፍየል በቀር ምንም ያልነበረበት ሜዳ አሁን በፕላስቲክ የአበባ ቤት ተሸፍኗል። አባቷ ሲታመም መኪናውን ቤተሰቡ ለቁርጥራጭ ሸጠው። ሲቆረጥ እንድታይ ጠርተዋት ሥራ አለብኝ ብላ ቀርታለች። ይህን ለሙስዓብ አልነገረችውም።

ኡበይደላን ያገኙት እህል ገበያው ውስጥ በቆሎ ሲያስጭን ነው። ሰኞ አዳማ እንደነበረ አልካደም። ማታውን ተመልሶ ማክሰኞ ጎህ ሲቀድ እዚያው ገበያ መኪናው ላይ ስንዴ ሲጫን እንደነበር ጫኚዎቹም፣ የገበያው ጥበቃም፣ ሚዛን ላይ የተቀመጠችው ሴትም ለየብቻ ተጠይቀው አንድ ዓይነት ቃል ሰጡ። ፎዚያ ግን ከሁሉም በፊት ከመኪናው ኋላ ሄዳ አጎንብሳ ነበር። መንጠቆው እንደማንኛውም መኪና ተራ ነው። ያ ወፍራም ቀለበት አይገባበትም።

«አንተ አይደለህም» አለችው።

ኡበይደላ የእህል አቧራውን ከፊቱ ጠርጎ ከኪሱ አንድ በላስቲክ የተጠቀለለ ፎቶ አወጣ።

«አባቴ ሲሞት ከኮቱ ኪስ ያገኘሁት ነው። ለቀመሪያ ልሰጣት ነበር ሰኞ የሄድኩት። ተጣላንና ሳልሰጣት ተመለስኩ። የእናቷ ፎቶ ነው፤ ሌላ ያለ አይመስለኝም።»

ፎቶው ጥቁርና ነጭ ነው። ሦስት ወታደሮችና ሁለት ወጣት ሴቶች ከተሳቢው ፊት ቆመዋል፤ ከኋላቸው የተዘረጋ ልብስ ይታያል። አንደኛዋ ሴት ፀሐዩን በእጇ ከልላ ትስቃለች። ፎዚያ ገለበጠችው። በጀርባው በእስክሪብቶ እንዲህ ተጽፏል፦ ራህመቶና ዙለይካ፣ ገላናና ቡዜ፣ ኑሬ። 1974 ዓ.ም።

ፎዚያ የመጨረሻውን ስም ደግማ አነበበችው።

ከሰዓት በኋላ ፎቶውን ጋሽ ኑሬ ብርድ ልብስ ላይ አስቀመጠችው። ሽማግሌው በደህና እጃቸው አንስተው ወደ ዓይናቸው አስጠጉት፤ ለረጅም ጊዜ አላወረዱትም።

«ሁላችንም ቀጭን ነበርን» አሉ በመጨረሻ።

«ጋሽ ኑሬ፣ ማን ነው የመታዎት?»

«ማንም አልመታኝም። ገላና ምንም አላደረገኝም።»

ቀስ እያሉ ተናገሩ። ገላና ሁሩታ ይኖራል። ከቅዳሜ ጀምሮ ሌሊት ሌሊት ጎማውን እየነፉ፣ ኩሽኔታውን እያጠቡ ሁለቱ አብረው ሠርተዋል። ማክሰኞ ጎህ ሲቀድ ገላና በትራክተሩ መጣ። ቀለበቱን ከመንጠቆው ሊያገጣጥሙ ሲሉ ክሪኩ ተንሸራትቶ መጎተቻው ክንዳቸው ላይ ወረደ። ትንሽ ነክቶኝ ነው፣ ፀሐይ ሳይወጣ ሂድ ብለው አስወጡት። በሩን ሊዘጉ ሲራመዱ ዓይናቸው ጨለመባቸው፤ ሲወድቁ ግንባራቸውን ክሪኩ ላይ ተመቱ። ከዚያ በኋላ የሚያስታውሱት የቀመሪያን ድምፅ ነው።

ፎዚያ ገላና ተሳቢውን ለምን እንደፈለገ ጠየቀቻቸው።

«እሱን ከእኔ አፍ አትሰሚም። ሄደሽ በዓይንሽ እዪው።»

ሐሙስ ጠዋት በመልካሳ በኩል ወደ ሁሩታ ወጡ። ዴራ ላይ አንድ የሻይ ቤት ባለቤት ቀይ ትራክተር ቤት ሲጎትት አይቻለሁ አላቸው፤ ሰው ቤቱን ይዞ ሲሄድ ማየቱ ገርሞት ለሚስቱ ጠርቶ አሳይቷታል። ከዴራ በኋላ መሬቱ ከፍ እያለ ይሄዳል። ስንዴው ታጭዶ ገለባው ቀርቷል።

የኦቦ ገላናን ቤት ሲጠይቁ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ተሳቢው ከሣር ቤቱ ጎን ቆሟል፤ ጎማዎቹ ሥር ድንጋይ ተደርጓል፤ መስኮቶቹ ላይ አበባ ያለው ጨርቅ ተሰቅሏል። ትራክተሩ አጠገቡ ነው። ከኋላው የተበየደውን መንጠቆ ፎዚያ ከሩቅ አየችው።

ኦቦ ገላና ረጅም፣ ጎበጥ ያሉ ሰው ናቸው። የፖሊስ ልብስ ሲያዩ አልደነገጡም፤ እንደሚመጡ የሚያውቁ ይመስላሉ።

«አከም ጅርቱ፣ ኦቦ ገላና» ብላ ፎዚያ በኦሮምኛ ሰላም አለቻቸው።

«ፈያ፣ ገለተ ወቃ፣ እግዜር ይመስገን። ግቡ» አሉ። በርጩማ አወጡላቸው። እሳቸው ግን አልተቀመጡም።

ፎዚያ ጋሽ ኑሬ ሆስፒታል እንደተኙ ነገረቻቸው፤ ክንዳቸው እንደተሰበረ፣ ግንባራቸው እንደተሰፋም። ሽማግሌው እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አሉ።

«ትንሽ ነካኝ ነው ያለኝ» አሉ። «እየሳቀ ነው ያለኝ።» ወዲያው ተነስተው ኮታቸውን ፈለጉ። አዳማ ሊሄዱ ነው። ሙስዓብ አብረን እንሄዳለን ብሎ አረጋጋቸው።

ታሪኩን የነገሯት ትራክተሩን ተደግፈው ነው። ሦስቱም የጥገና ክፍል ወታደሮች ነበሩ። ካምፑ ከጅጅጋ በታች ነበር። ጦርነቱ አልቆ ሜዳው በብረት ተሞልቷል፤ የእኛም የጠላትም። ራህመቶ ብየዳ ያውቃል፣ ገላና ሞተር፣ ኑሬ እንጨት። ለመሣሪያ መጋዘን ብለው ተሳቢውን ሠሩት። ግራ ጎማውን ከወገን መኪና፣ ቀኙን ከሌላኛው ወገን መኪና አወጡ። ራህመቶና ገላና ሚስት ሲያገቡ ግን መኖሪያ አልነበረም። አዛዡ ፈቀደላቸውና መሐሉን በሸራ ጋርደው ሁለት ቤት አደረጉት። በአንዱ ጎን ራህመቶና ዙለይካ፣ በሌላው ገላናና ቡዜ። ቀመሪያ የተወለደችው እዚያ ውስጥ ነው። ሁለት ዓመት ሳይሞላት ዙለይካ በበሽታ ሞተች። የራህመቶ እናት መጥተው እስኪወስዷት ድረስ ሕፃኗን ያሳደገቻት ቡዜ ናት። የራሷ ልጅ አልወለደችም።

«ሠራዊቱ ሲበተን ራህመቶ ሳይነግረኝ ተሳቢውን ከመንግሥት ገዝቶ በክሬን አስጭኖ ወሰደ» አሉ። «እኔም ተናድጄ መንጠቆውን ይዤ መጣሁ። እኔው የሠራሁት ነው፤ ያለ እሱ ማንም አይጎትተውም። እሱ ተሳቢውን፣ እኔ መንጠቆውን ይዘን ሠላሳ ምናምን ዓመት ሳንነጋገር ቀረን። ሲሞት እንኳ አልቀበርኩትም።»

«አሁን ለምን ወሰዱት?»

ኦቦ ገላና ወደ ተሳቢው በር አሳዩ።

ቡዜ መርሳት ከጀመረች ሦስት ዓመት ሆኗታል። መጀመሪያ ቁልፍ ጠፋባት፣ ቀጥሎ የጎረቤት ስም፣ ቀጥሎ ቤቱ ራሱ። በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ልብሷን ጠቅልላ ቤቴ ውሰዱኝ እያለች ወደ አስፋልቱ ትወጣለች። አንድ ቀን አይሱዙ ለጥቂት ሳታት። ወደ ወላጆቿ መንደር ወሰዷት፤ ይህ አይደለም አለች። የት ነው ቤትሽ ቢሏት መልስ የላትም። ባለፈው ክረምት ግን፣ ዝናብ እየጣለ፣ ራህመቶ ደረጃውን ሳይበይደው ቀረ፣ ዙለይካ ትወድቅብናለች ብላ ስትጨነቅ ገላና ሰሙ። ያኔ የትኛውን ቤት እንደምትል ገባቸው።

«ልጅቱን ለመለመን ሁለቴ ሄድኩ። ተሽጧል አለችኝ። ሐሙስ ሊቆረጥ ነው ሲለኝ ኑሬ፣ ሌላ ነገር ማሰብ አቃተኝ። ሌባ በይኝ፤ አልከራከርሽም።»

ፎዚያ ወደ ተሳቢው ሄደች። ውስጡ አንዲት ነጭ ፀጉራም ሴት በአልጋው ላይ ተቀምጣ ጨርቅ ታጥፋለች። አጥፋ ስትጨርስ ቀና ሳትል እጇን ወደ ላይ ሰደደች፤ በግድግዳው ላይ ከዝገት ጋር የተዋሐደ ሚስማር አገኘችና ፎጣውን ሰቀለችበት።

«ግቢ» አለቻት በአማርኛ። «ደረጃው ይወዛወዛል፣ ተጠንቀቂ።»

ደረጃው በእርግጥም ይወዛወዛል። ተሳቢው ከመጣ ከማክሰኞ ወዲህ አንድም ቀን ወደ አስፋልቱ አልወጣችም አሉ ገላና ከኋላ።

ፎዚያ በሩ ላይ ትንሽ ቆየች። የአባቷ መኪና ዳሽቦርድ ላይ፣ መሪው አጠገብ፣ የእሷን ከረሜላ የሚያስቀምጥበት አንድ ጉድጓድ ነበረ። ያ ዳሽቦርድ የትኛው ማቅለጫ ምድጃ ውስጥ ገብቶ ምን እንደሆነ አታውቅም። ከዚያ ስልኳን አውጥታ ለቀመሪያ ደወለች፤ ንብረትሽ ተገኝቷል፣ መጥተሽ ለዪ አለቻት። ሌላ አልነገረቻትም።

ቀመሪያ ከቀትር በኋላ በሚኒባስ ደረሰች። ተናዳ ነው የመጣችው። ኦቦ ገላናን ስታይ ግን ቆመች።

«እርስዎ ነዎት እንዴ? ለምን አልነገሩኝም?»

«ሁለት ጊዜ መጥቼ ነበር፣ ልጄ።»

 ቀመሪያ ንብረቷን ልታይ ወደ ተሳቢው ገባች። ቡዜ ቀና ብላ ስታያት ፊቷ በራ።

«ዙለይካ! ዛሬስ ቆየሽ።»

«ዙለይካ አይደለሁም» አለች ቀመሪያ። «ዙለይካ እናቴ ናት። ሞታለች።»

ቡዜ ደነገጠች። የታጠፈውን ጨርቅ ሁሉ መፍታትና መጠቅለል ጀመረች። ቤቴ ውሰዱኝ አለች ቀስ ብላ። ገላና ገብተው እጇን ያዙ። ቀመሪያ እየተደናበረች ወጣች። ፎዚያ ፎቶውን የሰጠቻት ያኔ ነው።

ቀመሪያ የእናቷን ፊት ስታይ የመጀመሪያዋ ነበር። ከትራክተሩ ጎን ተቀምጣ ብዙ ጊዜ አየችው። የትኛዋ እንደሆነች ማንም ሳይነግራት፣ ፀሐዩን የከለለችውን በጣቷ ነካች።

ፎዚያ መዝገቡን እንደሆነው አድርጋ ጻፈችው፤ የጋሽ ኑሬን የሐሰት ቃልም፣ የኦቦ ገላናን እምነት ቃልም አልዘለለችም። ቀመሪያ ለዛኪር ገንዘቡን መልሳ ክሱን እንደማትፈልግና ተሳቢውን ለወይዘሮ ቡዜ እንደሰጠች በራሷ እጅ ጽፋ ፈረመች። ዐቃቤ ሕግ ሁለቱን ሽማግሌዎች ጠርቶ ብርቱ ተግሣጽ ከሰጣቸው በኋላ መዝገቡን ዘጋው። ሲወጡ ኦቦ ገላና የጋሽ ኑሬን ጄሶ ደግፈው እስከ ሚኒባሱ ድረስ ቀስ ብለው ወሰዷቸው።

ከሁለት ወር በኋላ ፎዚያ ለሌላ ጉዳይ ወደ አሰላ ስትሄድ ሁሩታ ላይ ወረደች። ኡበይደላና ጋሽ ኑሬ ሜዳው ላይ ለተሳቢው ደረጃ እንጨት ይለካሉ። ከተሳቢው ውስጥ የሴቶች ድምፅ ይሰማል። በበሩ ስታጮልቅ ቀመሪያ ከቡዜ አጠገብ አልጋው ላይ ተቀምጣለች፤ በየሳምንቱ ዓርብ ትመጣለች አሏት ኦቦ ገላና።

ቡዜ ስለ አንድ የዝናብ ቀን ታወራለች። ውኃ ካምፑን ሁሉ ሞልቶት አራቱም እዚህ አልጋ ላይ ተሰብስበው፣ ዙለይካ እስከ ንጋት ስትዘፍን እንደነበረ፣ ድምፅዋ እንዴት እንደሚያምር። ቀመሪያ ሳትንቀሳቀስ ታዳምጣለች። ቡዜ በመሐል አቋረጠችና ወደ ጥጉ ዞር ብላ አየች።

«ልጅቱስ፣ ዙለይካ? ተኛች?»

ቀመሪያም ወደ ጥጉ ዞራ አየች።

«ተኝታለች» አለች።

«እንግዲያው ቀስ ብለን እናውራ» አለች ቡዜ፤ ወደ ግድግዳው ጠጋ ብላም ቦታ ለቀቀችላት።